ስላልተከፈተው ጠርሙስ

መጠጥ አብዝቶ መጠጣት ስለሚያመጣው ጥፋት ከእኔ በፊት የነበሩ መምህራን ብዙ ጽፈዋል። እኔም በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ ይህንኑ ምክር በየሳምንቱ እሰማ ነበር። ወጣት አንባቢዎቼ ሆይ፥ ዛሬ እሱኑ ሊደግምልን ነው ብላችሁ አትሥጉ፤ የዛሬው ነገሬ ስለማይጠጣ መጠጥ ነው። ይኸውም በአሜሪካን አገር ቡርበን የሚባለውን ዊስኪ የሚያሸቱ፥ የሚሰበስቡ፥ ስለ እርሱም የሚጽፉና የሚከራከሩ ሰዎች ያመጡት ልማድ ነው። የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ልናገር።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ በቨርጂኒያ፥ በአሌክሳንድሪያ ከተማ የሚኖረውን የእህቴን ልጅ ልጠይቅ ሄጄ ነበር። ልጁ ትጉህ ሠራተኛ ነው፤ ሰካራም አይደለም፤ በቈየሁበት ወር ሁሉ ሞቅ ብሎት እንኳ አላየሁትም። ነገር ግን በእንግዳ መቀበያው ክፍል፥ በእኛ አገር የሸክላ ሳሕንና የሠርግ ብርጭቆ በሚደረደርበት ብፌ ውስጥ፥ አርባ አንድ ጠርሙስ ቈሟል። ከእነዚህ ውስጥ የተከፈቱት ዘጠኝ ብቻ ናቸው። «የቀሩትስ መቼ ይከፈታሉ?» ብዬ ብጠይቀው ሣቀና፥ «ጋሼ፥ እነዚያ የሚከፈቱ አይደሉም» አለኝ።

እኔ ሠላሳ ስድስት ዓመት ዐማርኛ ያስተማርሁ ሰው ነኝ። ሰው የጻፈውን ከማንበብና ስሕተቱን ከማመልከት በቀር ሌላ ሙያ የለኝም። ስለዚህ ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ እያወረድሁ፥ የተለጠፈባቸውን ጽሕፈት እንደ ተማሪ ደብተር አነበብሁት። ይህ ድርሰት ከዚያ ንባብ የተገኘ ነው።

በመጀመሪያ ያነበብሁት፥ እውነቱን ለመናገር፥ አስደሰተኝ። በአገሩ ሕግ ቡርበን ለመባል መጠጡ በዩናይትድ ስቴትስ ውስጥ የተሠራ መሆን አለበት፤ እንደሚባለው በኬንታኪ ብቻ መሆን የለበትም። ከእህሉም ቢያንስ ከመቶ 51 እጅ በቆሎ ሊሆን ይገባዋል፤ የቀረው ብዙውን ጊዜ ራይ የተባለው እህል ወይም ስንዴ፥ ከገብስ ብቅል ጋር ነው። ሲወጣ የአልኮሉ ኃይል ከመቶ 80 ማለፍ የለበትም፤ ወደ በርሜል ሲገባም ከ62.5 አያልፍም። በርሜሉ ኦክ ከሚባለው እንጨት የተሠራ ነው፤ አዲስ ሊሆንና ውስጡ በእሳት ሊለበለብ ግድ ነው። ከውሃ በቀር ቀለምም ማጣፈጫም አይጨመርበትም።

ይህን ባነበብሁ ጊዜ እናቴ ትዝ አለችኝ። ጠላ ስትጠምቅ ጋኑን አጥባ በወይራ ጢስ ታጥነው ነበር። አረቄ የሚያወጡት ጎረቤቶቻችንም ድፍድፉን አንድ ጊዜ ያወጡትን ተራውን፥ ሁለት ጊዜ ያወጡትን ዳግም ይሉት ነበር። የኬንታኪ ሰዎችም አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ጊዜ ያወጣሉ። እንግዲህ የእነርሱ ጥበብ ከእኛ እናቶች ጥበብ የራቀ አይደለም፤ የተለየው በሕግ መጻፉና በወረቀት ላይ መታወጁ ነው።

ሕጉም ያለ ምክንያት አልተጻፈም። ባለፈው በፊተኛው መቶ ዓመት፥ በ1800ዎቹ፥ ብዙ ነጋዴዎች ጥሬ አልኮል በቀለምና በማጣፈጫ እያቀለሙ «አሮጌ ዊስኪ» ብለው ይሸጡ ነበር። በዚህ የተቈጡት ኮሎኔል ኤድመንድ ሄይንዝ ቴይለርና የገንዘብ ሚኒስትሩ ጆን ካርላይል ባደረጉት ግፊት በ1897 «ቦትልድ ኢን ቦንድ» የተባለው ሕግ ወጣ። በዚህ ሕግ ስሙን የሚይዝ መጠጥ በአንድ ቤት፥ በአንድ ወቅት የወጣ፥ መንግሥት በሚቈጣጠረው መጋዘን ቢያንስ አራት ዓመት የተኛ፥ ኃይሉም ከመቶ 50 የሆነ መሆን አለበት። ያወጣውም ቤት በጠርሙሱ ላይ መታወቅ አለበት። ኮሎኔል ቴይለር ለእውነት ብቻ ብለው ተከራከሩ ብዬ አላታልላችሁም፤ ተመሳሳዩን በርካሽ የሚሸጠው ሰው ገበያቸውን ይወስድባቸው ነበርና። ነገር ግን ጥቅምና እውነት በአንድ ጊዜ በአንድ መንገድ ሲሄዱ መገኘታቸው መልካም ነው። ክርክሩ በዚያ ስላላበቃ በ1909 ፕሬዚዳንት ታፍት ራሳቸው «ዊስኪ ማለት ምን ማለት ነው?» በሚለው ጥያቄ ላይ ፍርድ ሰጡ። የአንድን ቃል ትርጕም ለመወሰን የአገር መሪ ሲቀመጥ፥ የቋንቋ መምህር የሆነ ሰው ይህን አንብቦ ቅናት ቢይዘው ይፈረድበታልን?

ከሕጉ ጽሕፈት ቀጥሎ ያለው ግን፥ ማለት ታሪክ ነኝ የሚለው ክፍል፥ እንደ ፊተኛው አላስደሰተኝም። በአንዱ ጠርሙስ ላይ የኤላይጃ ክሬግ ስም አለ። ይህ ሰው በ1700ዎቹ መጨረሻ በኬንታኪ የኖረ የባፕቲስት ሰባኪ ነው፤ መኖሩም መጠጥ ማውጣቱም እውነት ነው። በርሜሉን በመለብለብ ቡርበንን የፈጠረ እርሱ ነው የሚለው ግን የታሪክ ጸሐፊዎች ማስረጃ ያላገኙለት ነገር ነው። ሰባኪ በመሆኑ ለነጋዴው ይመቻል። መጠጥን የሚቃወሙ ሰዎች በጮኹ ጊዜ «የፈጠረውኮ የእግዚአብሔር ሰው ነው» ለማለት ከዚህ የተሻለ አባት አይገኝም።

ከዚህ የባሰም አለ። ቴምፕልተን ራይ የተባለው ዊስኪ (ይህ ከራይ የሚሠራ እንጂ ቡርበን አይደለም) በአዮዋ አገር፥ መጠጥ በሕግ ከተከለከለበት ከ1920 እስከ 1933 ከነበረው ዘመን የወረሰው ጥበብ እንዳለው ይናገር ነበር። መጠጡ ግን የሚወጣው በኢንዲያና ክፍል፥ በሎረንስበርግ ከተማ ባለ አንድ ትልቅ ፋብሪካ ነበር። ያ ፋብሪካ ለብዙ የተለያዩ ስሞች የሚያወጣ ነው። ገዢዎች ከስሰው ነገሩ በ2015 በስምምነት አለቀ፤ ገንዘብ ተመለሰ፤ ወረቀቱም ታረመ። መጠጡ መጥፎ አልነበረም። ከሌላ ገዝቶ መሸጥም ነውር አይደለም፤ ከጎረቤት ተበድሮ ድግስ የሚደግስ ሰው በእኛም ዘንድ ሞልቷል። ነውሩ የጎረቤትን እንጀራ ከአያቴ ምጣድ የወጣ ነው ማለት ነው። ወጣት አንባቢዎቼ፥ በጠርሙስ ወረቀት ላይ «ያወጣው» የሚለውንና «ያሸገው» የሚለውን ቃል ለይቶ ማንበብን ከዚህ ተምሬያለሁ፤ በሌላም ጽሕፈት ላይ ጠቅሞኛል።

ከሁሉ ይልቅ ያሰብሁበት ግን በወረቀቱ ላይ ስላልተጻፈው ስም ነው። የእህቴ ልጅ ከተከፈቱት ዘጠኙ አንዱን አሳየኝ፤ ጃክ ዳንኤል ይባላል። ይህ በከሰል ተጣርቶ የሚሠራ የቴኔሲ ዊስኪ ስለ ሆነ ባለቤቶቹ ቡርበን አይሉትም፤ ዘመድነቱ ግን ግልጥ ነው። በሊንችበርግ አጠገብ ዳን ኮል የተባለ ሰባኪና ነጋዴ ነበረ፤ ጃክ ዳንኤል በልጅነቱ ከእርሱ ዘንድ ገብቶ ይሠራ ነበር። አረቄ ማውጣትን ያስተማረው ግን ሰባኪው አይደለም፤ በዚያ ቤት በባርነት ይሠራ የነበረ ናታን ግሪን፥ በተለምዶ ኒረስት የሚሉት ጥቁር ሰው ነው። ባርነት ከቀረ በኋላ ኒረስት ነጻ ሰው ሆኖ በጃክ ቤት የመጀመሪያው ዋና አውጪ ሆነ፤ ልጆቹና የልጅ ልጆቹም በዚያው ቤት ሠሩ። አንድ አሮጌ ፎቶግራፍ አለ፤ ጃክ ከሠራተኞቹ ጋር ተቀምጦ፥ በአጠገቡ አንድ ጥቁር ሰው ይታያል። የኒረስት ልጅ ጆርጅ ግሪን ነው ተብሎ ይታመናል።

ይህን ታሪክ የሊንችበርግ ሰዎች ያውቁት ነበር፤ በመጽሐፍም ተጽፎ ነበር። ኩባንያው ግን ለጎብኚዎች ጮክ ብሎ መናገር የጀመረው በ2016 ነው። በዓለም ሁሉ የሚታወቅ ጠርሙስ ከመቶ ዓመት በላይ የተማሪውን ስም ሲያስነብብ የመምህሩን ስም ዝም አለ ማለት ነው። እኔ መምህር ስለ ነበርሁ ይህን ሳነብ ሌላው ሰው ከሚሰማው ይልቅ ሳይሰማኝ አልቀረም። ባሮች በኬንታኪም በየአረቄ ቤቱ ሠርተዋል፤ የአብዛኞቹ ስም በየትኛውም ወረቀት ላይ የለም።

ነገሩ በዚህ አልቆመም። በ2017 በኒረስት ስም «አንክል ኒረስት» የተባለ አዲስ ዊስኪ ወጣ፤ መሥራቿ ፎን ዊቨር የተባለች ጥቁር አሜሪካዊት ናት፤ ታሪኩን በብዙ ድካም ፈልጋ ያወጣችም እርስዋ ናት። ስሙ በወረቀት ላይ ተጻፈ፤ ብዙ ሰውም በደስታ ገዛው። በ2025 ግን አበዳሪው ባንክ ከመቶ ሚሊዮን ዶላር በላይ ዕዳ ጠይቆ ከሰሰ፤ ፍርድ ቤቱም ለኩባንያው ባለአደራ ሾመበት። ማን አጠፋ የሚለውን እኔ አልፈርድም። የሰውን ስም ከመረሳት ማውጣትና ያንኑ ስም ዕቃ አድርጎ መሸጥ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸውን ግን አያለሁ።

አሁን ወደ ማሽተቱ ልምጣ። የእህቴ ልጅ አፉ የጠበበ ትንሽ ብርጭቆ አምጥቶ ጥቂት ቀዳልኝ። ከወጣትነቴ ጀምሮ የሚጠጣ ሰው አይደለሁም፤ ያልቀመስሁትን እንዳልነቅፍ ብዬ ግን ተቀበልሁ። «ጋሼ፥ መጀመሪያ አሽተው፤ አፍህንም ጥቂት ክፈት» አለኝ፤ እንዲሁ አደረግሁ። ከዚያ በስልኩ ላይ ሌሎች የጻፉትን አነበበልኝ፤ ቫኒላ፥ የተቃጠለ ስኳር፥ የኮኮነት ፍሬ፥ ቅርንፉድ፥ አሮጌ ቆዳ፥ የአያት ቤት ቁም ሣጥን።

ከእነዚህ ቃላት የሚበዙት ቅዠት አይደሉም። እንጨቱ በእሳት ሲለበለብ በውስጡ ያለው ነገር ተለውጦ የቫኒላን ሽታ የሚሰጠውን ቫኒሊን ያወጣል፤ የእንጨቱም ስኳር ይጠብሳል፤ ኦክ ለኮኮነትና ለቅርንፉድ የሚመሳሰል ሽታ የሚሰጡ ነገሮች አሉት። በቀንና በሌሊት፥ በበጋና በክረምት ሙቀትና ብርድ ሲፈራረቅ መጠጡ ወደ እንጨቱ እየገባ እየወጣ ይህን ሁሉ ይሸከማል። እንግዲህ በትዕግሥት አሽትቶ «ይህ ቅርንፉድ ነው» የሚል ሰው እውነት ተናግሯል። ለነገር ስም መፈለግ የሰው የመጀመሪያ ሥራው ነው፤ በዚህ ጨዋታ ውስጥ መልካም የሆነው ክፍል ይህ ነው ብዬ አምናለሁ።

ነገር ግን የእህቴ ልጅ ከማሽተቱ በፊት ማንበቡን አየሁ። ሌላው «ቆዳ» ካለ እርሱም ቆዳ ይሸተዋል። በክፍል ውስጥ የጎበዙን ደብተር አይቶ የሚጽፍ ተማሪ ስንቱን ቀጥቻለሁ! መልሱ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ልጁ ግን ምንም አላሰበም። ስለዚህ ስልኩን ተቀብዬው «አሁን ራስህ አሽትና በዐማርኛ ንገረኝ» አልሁት። ብዙ ጊዜ ዝም አለ። በመጨረሻ «ጋን ይሸታል፤ የታጠነ ጋን» አለ። የትም መጽሔት ላይ ያልተጻፈ፥ ነገር ግን እኔ ራሴ በዚያች ብርጭቆ ውስጥ ያሸተትሁት ይኸው ነበር።

ያልተከፈቱት ሠላሳ ሁለቱ ቀርተውኛል። ከአርባ አንዱ ሁሉ ውስጥ ብላንተን የሚባል ቡርበን ስምንት አለ። መጠጡ ከአንድ በርሜል ብቻ የተቀዳ ነው፤ በ1984 ሲወጣ እንዲህ ያለው ነገር አዲስ ነበር። በክዳኑ ላይ ፈረስና ጋላቢ አለ፤ በእያንዳንዱ ክዳን ላይ ደግሞ አንድ ፊደል ተቀርጿል። ስምንቱን የሰበሰበ ሰው የመጠጡን ስም ፊደል በፊደል ይጽፋል፤ ፈረሱም ከቆመበት እስከ ድሉ ድረስ ሲሮጥ ይታያል። ጺም ያወጡ ሰዎች አንዲት ቃል ለመጻፍ ስምንት ጠርሙስ ይገዛሉ። እኔ አንደኛ ክፍል ሳስተምር ይህን ያህል ለፊደል የጓጓ ተማሪ አላገኘሁም።

ብርቅ ከሚባሉት ሁሉ በላይ ያለው ፓፒ ቫን ዊንክል ነው። ከራይ ይልቅ ስንዴ የሚገባበት ሲሆን 15፥ 20፥ 23 ዓመት በበርሜል የተኛ ነው። በርሜል 200 ሊትር ያህል ይይዛል፤ በየዓመቱ ጥቂት በጥቂት በእንጨቱ በኩል ይተናል፤ ይህንም የመላእክት ድርሻ ይሉታል። ሃያ ዓመት የተኛው በርሜል ሲከፈት የሚተርፈው ከግማሽ ሊያንስ ይችላል። ባለቤቶቹ የወሰኑለት ዋጋ በመቶ የሚቈጠር ዶላር ሲሆን፥ ከእጅ ወደ እጅ ሲሸጥ ብዙ ሺህ ይሆናል። የሚያስገርመው አጀማመሩ ነው። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ የአሜሪካን ሰው ወደ ቮድካ ዞሮ ቡርበን የሚፈልግ ጠፋ፤ ገዢ ያጡ በርሜሎችም በየመጋዘኑ አረጁ። ዛሬ ሰው የሚሰለፍለት አሮጌ ቡርበን መጀመሪያ የተገኘው ማንም ሳይፈልገው ከቀረው ነው።

ሰው ብርቅ ያለውን ነገር ለማግኘት ምን እንደሚሠራም ታይቷል። በ2013 በፍራንክፈርት፥ ኬንታኪ ካለው ከቡፋሎ ትሬስ ፋብሪካ ወደ 200 የሚጠጋ የፓፒ ጠርሙስ ጠፋ፤ ሲመረመር የሰረቁት ከውስጥ ነበሩ። የእህቴ ልጅ በሚኖርበት በቨርጂኒያ መጠጥ የሚሸጠው የመንግሥት መደብር ነው፤ ብርቅ የሆነውንም በዕጣ ያድለዋል። በ2022 ብርቁ ጠርሙስ ወደ የትኛው መደብር እንደሚላክ የሚገልጠውን ዝርዝር በገንዘብ የሸጠ የቀድሞ ሠራተኛ ጥፋቱን አመነ። በ2023 ደግሞ በኦሪገን የመንግሥቱ የመጠጥ ባለሥልጣናት ለሕዝብ ሊደርስ የሚገባውን ብርቅ ጠርሙስ ለራሳቸው ማስቀረታቸው ተገልጦ ዋናው ሹም ሥራውን ለቀቀ። ሰርቀው አልነበረም፤ ዋጋውን ከፍለዋል። ያቋረጡት ሰልፉን ነው። በእኛ አገር የቀበሌ ስኳር ሲታደል የነበረውን ሰልፍ የሚያስታውስ ሰው ይህ ጥፋት ትንሽ እንዳልሆነ ያውቃል።

ስለ ፋብሪካዎቹ ብዙ አልልም። በኬንታኪ የሚኖረው ሕዝብ አራት ሚሊዮን ተኩል ያህል ሲሆን በመጋዘን የተኛው በርሜል ከ14 ሚሊዮን በላይ ነው። ከበርሜሉ የሚተነውን እየተመገበ የሚያድግ ጥቁር ሻጋታ የጎረቤቶችን ቤትና ዛፍ ያጠቁራል፤ እነርሱም ይከስሳሉ። ሰው ከሚጠጣው በላይ ስለ ወጣ በ2025 አዳዲስ ከነበሩት ቤቶች አንዳንዶቹ ለዕዳ ተይዘዋል። በ1980ዎቹ የሆነውን የሚያስታውስ የተገኘ አይመስልም።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ካነበብሁና ካሰብሁ በኋላ፥ አንድ ማታ ለእህቴ ልጅ ጠንከር ብዬ ተናገርሁት። «መጽሐፍ ገዝቶ የማያነብን ሰው ምን ትለዋለህ? ያወጣው ሰው እንዲጠጣ ብሎ ሃያ ዓመት ጠብቆታል፤ አንተ ደግሞ ለማሳየት ትጠብቀዋለህ። ጠርሙሱን ሳይሆን ዋጋውን ነው የምትወደው» አልሁት። አነጋገሬ በክፍል ውስጥ የለመድሁት አነጋገር ነበር፤ ማለት መልስ የማይጠብቅ።

ልጁ አልተቈጣም። ተነሥቶ ከብፌው ከላይኛው መደርደሪያ አንድ ጠርሙስ አወረደ። በዕጣ የደረሰው ነው፤ በ2018 መሆኑን ነገረኝ። ያን ዓመት አባቱ ለቪዛ አመልክቶ ነበር፤ ሲመጣ አብረው ሊከፍቱት አስቀመጠው። ቪዛው ተከለከለ፤ እንደ ገና ቢያመለክት ዘገየ፤ በ2021 አባቱ በአዲስ አበባ ዐረፈ። ለቀብሩም መድረስ አልቻለም። «ከዚያ ወዲህ ሌሎቹን መግዛት ያዝሁ፤ ለምን እንደ ሆነ አላውቅም። ይኸኛው ብቻውን ከመቆም ብዬ ይሆናል» አለኝ።

እኔ ምን እንደምመልስ አላወቅሁም። የሠላሳ አንዱን ነገር ደግሜ ባስበው ያልሁት ልክ ነው፤ አሁንም አላነሣውም። የዚያን የአንዱን ግን ሳላነብ ነው የፈረድሁት። ወረቀቱን አገላብጬ አይቼው ነበር፤ ዓመቱን፥ ኃይሉን፥ ያወጣውን ቤት ስም ሁሉ። ይህ በላዩ አልተጻፈም።

ጠርሙሱን እንክፈተው አላልሁትም፤ እርሱም አላለም። ወደ ስፍራው መለሰው። ልሄድ ስል ሻንጣዬን ሲያስተካክልልኝ ከተከፈቱት ብላንተኖች የአንዱን ክዳን ነቅሎ፥ ጠርሙሱን በሌላ ቡሽ ደፍኖ፥ ክዳኑን በጨርቅ ጠቅልሎ ሰጠኝ። አሁን ከጽሕፈት ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ፊደሉ ኤን ነው። በቃሉ ውስጥ ሁለት ኤን ስላለ፥ ሁለተኛው ከፊተኛው እንዲለይ በአጠገቡ ሁለት ነጥብ አድርገውበታል፤ እኛ በድሮ ጽሕፈታችን ቃልን ከቃል የምንለይባትን ነጥብ ትመስላለች። የእኔ ሁለተኛው ነው። የእህቴ ልጅ ስምንቱን አሟልቶ ነበር፤ አሁን አንድ ፊደል ይጎድለዋል፤ ሌላ እንዳይገዛም ነግሮኛል።